ዳገት ላይ ኋላው ይዘላል፣ ፊቱ ይነሳል፤ ሊንኩን ከየት ልጀምር?

ገደል_ወጪ

ሰላም ለቤቱ። 1/10 ክራውለር ነው ያለኝ፤ በሪሞት የሚነዳ፣ ድንጋይ የሚወጣ ትንሽ መኪና። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 313 ሚሊ ነው፤ ጎማዎቹ 120 ሚሊ። ኋላው ባለ 4 ሊንክ (አክስሉን ከሻሲው የሚያገናኙት ዘንጎች)፣ ፊቱ ባለ 3 ሊንክ ከፓናርድ ባር (አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ ከሚይዘው ዘንግ) ጋር። የመሪው ሰርቮ (መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) ሻሲው ላይ ነው የተቀመጠው። አክስሎቹ ተራ ናቸው፤ ፖርታል (ጎማው ጋ ተጨማሪ ማርሽ ያለው ዓይነት) አይደሉም።

ችግሩ ይሄ ነው። ቀጥ ያለ ድንጋይ ስር ደርሶ የፊት ጎማዎቹ ሲጨብጡ ሁሉም ሰላም ነው። የኋላዎቹ ድንጋዩን ነክተው መግፋት ሲጀምሩ ግን ኋላው ብድግ ይላል። ከዚያ ዱብ ዱብ ዱብ። ፊቱ ይቀላል፤ በተለይ ግራው ጎማ አየር ላይ ይቀራል። ከዚያ በጀርባው ይገለበጣል።

እስካሁን ፊት ጎማዎቹ ጋ የናስ ክብደት አስገብቻለሁ። የሾክ ዘይቱን አወፍሬያለሁ። ሆዱ ከድንጋይ እንዲርቅ ብዬም ረጅም ሾክ ገጥሜለታለሁ። ከሾኩ ወዲህ እንዲያውም ባሰበት። አሁን የታች ሊንኮቹን በረጅም ልቀይር እያሰብኩ ነው። ምን ትላላችሁ?

ዝም_ብለህ_ንዳ

ጎማህን አይተሃል? ውስጡ ያለው ስፖንጅ ጠንካራ ከሆነ የፈለግከውን ሊንክ ብታስገባ ዋጋ የለውም። ለስላሳ ጎማ፣ ዝቅ ያለ ክብደት፣ ቀስ ያለ ጣት። በቃ። የሊንክ ወሬ የሚያምረው ወረቀት ላይ ነው።

ብሎን_በብሎን

ጎማ ቅድሚያ እንደሚይዝ እኔም አምናለሁ። ግን «ባሰበት» ያለው ሾክ ከቀየረ በኋላ ነው እኮ። ጎማው አልተቀየረም። ስለዚህ ነገሩ ሌላ ቦታ ነው።

ገደል_ወጪ ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። የታች ሊንኩንም አትንካ፤ እሱን ስታስረዝም አክስሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ካርዳኑ (ጉልበት ወደ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ) ሊያጥርብህ ይችላል፣ ጎማው የቦዲውን ቅስት ይነካል። አንዱን ልታስተካክል ሦስት ነገር ታበላሻለህ።

መጀመሪያ የሚሆነውን እንረዳ። መኪናውን የሚገፋው ሾኩ አይደለም፤ ሊንኩ ነው። ጎማው ሲይዝ ግፊቱ ከአክስሉ ወደ ሻሲው የሚተላለፈው በሊንኮቹ በኩል ነው። የኋላ ሊንክ አክስሉ ጋ ዝቅ፣ ሻሲው ጋ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ግፊቱ ወደ ፊት ብቻ አይደለም፤ ወደ ላይም ያነሳል። በሌላ በኩል ትሮትል (ጋዝ) ስትሰጠው ክብደት ወደ ኋላ ይሸሽና ኋላው ቁጢጥ ማለት ይፈልጋል። ሁለቱ ይታገላሉ። ይሄን ትግል የሚለካው ቁጥር አንቲ-ስኳት ይባላል። 100 በመቶ ላይ ኋላው አይቀመጥም፣ አይነሳምም። ከ100 በታች ይቀመጣል። ከ100 በላይ ይነሳል።

ክፋቱ ነገሩ ራሱን ማባባሱ ነው። ኋላው በተነሳ ቁጥር ሊንኮቹ ይበልጥ ይቆማሉ። በቆሙ ቁጥር ይበልጥ ያነሱታል። መጨረሻ ላይ ጎማው መያዣ ያጣል፣ ግፊቱ ይጠፋል፣ መኪናው ዱብ ይላል፣ ጎማው መልሶ ይይዛል፣ እንደገና ይነሳል። አንተ የጻፍከው ዱብ ዱብ ይሄው ነው። ረጅም ሾክ ሲገባ የባሰበትም ለዚህ ነው፤ ሻሲው ከፍ ሲል የሊንኮቹ የሻሲ ጫፍ አብሮ ከፍ ይላል።

አሁን ለካ። መኪናውን ባትሪውንና ቦዲውን እንደጫነ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አቁም። ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ተጫነውና ልቀቀው፤ ሾኮቹ በራሳቸው ቦታ ይቀመጡ። ከዚያ የኋላውን ሊንኮች አራት ነጥቦች ለካ፦ የታችና የላይ ሊንክ፣ አክስሉ ጋና ሻሲው ጋ። ከጠረጴዛው እስከ ብሎኑ መሃል ያለው ከፍታ ስንት ነው? ከኋላ አክስል ወደ ፊትስ ስንት ይርቃል? ግማሽ ሚሊ ለውጥ ስላለው በዓይን አትገምት፤ ካሊፐር ተጠቀም።

የሊንኩን ርዝመት ስትለካ ደግሞ ከመሃል እስከ መሃል ለመገመት አትድከም። ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል ከሆኑ ከአንዱ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ግራ ጠርዝ ለካ። ያው ርዝመት ነው።

ሰብለ_በድንጋይ

ብሎን_በብሎን ያለው ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ታልፏል። «በተለይ ግራው ጎማ» ብሏል። አንቲ-ስኳት ግራና ቀኝ አይለይም። አንድ ጎማ ብቻ የሚነሳ ከሆነ የካርዳኑ ጠመዛም አለበት።

ካርዳኑ ፒኞኑን (ወደ አክስሉ የሚገባውን ትንሽ ማርሽ) ሲያዞር ሻሲው በተቃራኒው ይጠመዘዛል። በብዙ ክራውለር የፊቱም የኋላውም ካርዳን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞሩ ጠመዛው ይደመራል። ውጤቱ አካሉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል፤ በአንዱ ጎን ያለው የፊት ጎማ ይቀላል።

ፈተናው ቀላል ነው። ደልዳላ መሬት ላይ ፊቱን ግድግዳ አስደግፈው። ቀስ ብለህ ትሮትል ጨምርና ከኋላ ሆነህ አካሉን እይ። ዳገት ሳይኖር ከተጣመመ ይሄ ከሊንክ ከፍታ ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ ለብቻው ነው የሚታከመው።

ጭቃ_ጠል

ክሩን እየተከታተልኩ ነው። የእኔም እንደዚሁ ያደርገዋል።

ገደል_ወጪ

ለካሁ። ሁሉም በሚሊ ነው፣ በረጅሙ ሾክ።

የታች ሊንክ፦ አክስሉ ጋ ከፍታው 48፣ ሻሲው ጋ 75። አግድም ርቀቱ 115።
የላይ ሊንክ፦ አክስሉ ጋ 80፣ ሻሲው ጋ 95። አግድም ርቀቱ 95።

አክስሉ ጋ ያሉት ሁለቱም ብሎኖች ከአክስሉ መሃል በቀጥታ ከላይና ከታች ናቸው። በሚዛን ሲታይ ፊት 60፣ ኋላ 40 በመቶ ነው።

ሰብለ እህቴ፣ ግድግዳው ላይ ሞከርኩት። ይጣመማል። ብዙ አይደለም፣ ግን ይጣመማል።

ብሎን_በብሎን

ጥሩ ልኬት ነው። እንሥራው።

የታች ሊንኩ በ115 ሚሊ ውስጥ 27 ይወጣል። የላይኛው በ95 ውስጥ 15። ሁለቱን መስመሮች ወደ ፊት ስታስረዝማቸው ከኋላ አክስል 416 ሚሊ ርቆ፣ 146 ሚሊ ከፍታ ላይ ይገናኛሉ። ከፊት አክስል አልፎ ማለት ነው። ከኋላ ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ወደዚያ መገናኛ መስመር አስምር። ያ መስመር የፊት አክስሉ ላይ ሲደርስ 110 ሚሊ ገደማ ከፍታ ይኖረዋል።

አሁን የቀረው የስበት ማዕከሉ ከፍታ ነው። 110ን ለእሱ ስታካፍል መቶኛው ይወጣል። ወረቀት ላይ በእርሳስ ብታሰምረውም ይበቃል፤ እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ። ምክንያቱም የትኛው ቀዳዳ ምን እንደሚያደርግ በዓይንህ ታየዋለህ።

ሰብለ_በድንጋይ

ለስበት ማዕከሉ ይሄን አድርግ። መጀመሪያ ሾኮቹ እንዳይንቀሳቀሱ እሰራቸው፤ በሾኩ ፈንታ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ዱላ ብትገጥም የበለጠ ነው። እንዲያ ካልሆነ አካሉ ሲጋደል ልኬቱን ያበላሽብሃል። ከዚያ መኪናውን ጣውላ ላይ በጎን አቁመው። ጎማው እንዳይንሸራተት ከታች ቀጭን ነገር አስደግፍ። ጣውላውን ቀስ እያልክ አንሳ። ሊገለበጥ ሲል፣ በጣትህ ጫፍ ብቻ ሚዛኑን መያዝ ስትችል፣ ማዕዘኑን በስልክህ ለካ።

የጎማዎቹን የውጭ ጠርዝ ለጠርዝ ስፋት ግማሽ ውሰድ። በማዕዘኑ ታንጀንት አካፍለው። የምታገኘው የስበት ማዕከሉ ከፍታ ነው። ጎማ ስለሚለጠጥ ሁለት ሦስት ሚሊ ሊሳሳት ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል።

ገደል_ወጪ

የውጭ ስፋቱ 230፣ ግማሹ 115። የተገለበጠው 50 ዲግሪ ላይ ነው። 115 ለ1.19... 96 ሚሊ መጣልኝ።

ብሎን_በብሎን

110 ለ96፣ 114 በመቶ። ሾክህን ሳትቀይር በፊትስ ስንት ነበር? ረጅሙ ሾክ 10 ሚሊ አንስቶት ከሆነ፣ በድሮው ከፍታ መስመሩ የፊት አክስሉ ላይ 91 ሚሊ ይሆናል። የስበት ማዕከሉም 88 ገደማ ይወርዳል። 103 በመቶ። ሾኩን መልሰህ ብታወርደው ብቻ ወደ 103 ትመለሳለህ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሾኩን ሳትነካ የላይ ሊንኩን የሻሲ ጫፍ 6 ሚሊ ከፍ ብታደርገው እይ። 95 የነበረው 101 ይሆናል። መስመሩ የፊት አክስሉ ላይ ወደ 80 ይወርዳል። 80 ለ96፣ 83 በመቶ። አንድ ቀዳዳ ብቻ! መኪናውን 10 ሚሊ ከማውረድ የበለጠ ይሠራል፤ የሆድህንም ከፍታ አይወስድብህም።

የታች ሊንኩን የሻሲ ጫፍ 8 ሚሊ ማውረድ 58 በመቶ ያደርሰዋል። እሱን ግን አልመክርም። የሊንኩ ጫፍ ከስኪዱ (ከሆዱ መከላከያ ሳህን) በታች ይወርድና ጠርዝ ባየ ቁጥር ይነክሳል። ያ የሸሸኸው ሆድ መልሶ መጣ ማለት ነው።

ዝም_ብለህ_ንዳ

እሺ፣ እዚህ ላይ ልጠይቅ። ይሄ ሁሉ ስሌት ግፊቱ በሙሉ ከኋላ ጎማ እንደሚመጣ አድርጎ ነው የሚያስበው። ክራውለር በአራቱም ነው የሚስበው። 114 የምትለው ቁጥር ታዲያ ምኑ ላይ ነው እውነቱ?

ብሎን_በብሎን

በጣም ጥሩ ጥያቄ። እውነትህን ነው። የኋላ ሊንኮች የሚያነሱት ኋላው በሚገፋው ድርሻ ልክ ነው። አራቱም ጎማዎች እኩል ከሳቡ የኋላው ድርሻ ግማሽ ይሆናል፤ ደልዳላ ላይ ችግሩ የማይታየውም አንዱ ለዚህ ነው።

ዳገት ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የእሱ መኪና ደልዳላ ላይ ከክብደቱ 40 በመቶው ብቻ ነው ኋላ ላይ ያለው። 45 ዲግሪ ዳገት ላይ ስታቆመው አራቱ ጎማዎች ከሚሸከሙት ውስጥ የኋላዎቹ ድርሻ 71 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በ96 ሚሊ ከፍታና በ313 ሚሊ ርዝመት አስላው፤ ይመጣልሃል። ብዙ ጭነት ያለበት ጎማ ብዙ ይይዛል፣ ብዙ ይገፋል። ስለዚህ አንቲ-ስኳቱ ጉልበት የሚያገኘው ልክ በማትፈልገው ሰዓት ነው።

ቁጥሩን ስለዚህ እንደ ፍርድ አትውሰደው። ለማነጻጸሪያ ነው። 114 ከ83 ይበልጥ ያነሳል፤ ይሄ በአራት ጎማም በሁለት ጎማም እውነት ነው።

ዝም_ብለህ_ንዳ

ይሄኛውን ተቀብያለሁ። ጎማው ግን ይታይ።

ገደል_ወጪ

የሻሲው የላይ ሊንክ መያዣ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ በመካከላቸው 6 ሚሊ ነው ያለው። ወደ ላይኛው አዛወርኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም።

ልዩነቱ አፍ ያስይዛል። ያው ድንጋይ ላይ ኋላው አሁን ብድግ አይልም። ዱብ ዱቡ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ትሮትል ሲበዛ ብቻ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ሁለት አዲስ ነገር ግን አለ። አንደኛ፣ ኋላው አየር ላይ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ከካርዳኑ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሁለተኛ፣ ግራው የፊት ጎማ አሁንም ይቀላል።

ብሎን_በብሎን

ቀጭ ቀጭ ያለው የሚጠበቅ ነው። የሊንኩ ርዝመት ሳይለወጥ አንዱ ጫፍ 6 ሚሊ ሲወጣ ሊንኩ ይበልጥ ይቆማል፤ አግድም የሚሸፍነው ርቀት 1.1 ሚሊ ያጥራል። ያ 1.1 ሚሊ የአክስሉን ራስ ወደ ፊት ይስበዋል። በላይና በታች ሊንክህ መካከል አክስሉ ላይ ያለው 32 ሚሊ ስለሆነ አክስሉ 2 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ፒኞኑ ወደ መሬት ይደፋል። የካርዳኑ መገጣጠሚያ ድሮም ሲንጠለጠል ጫፍ ላይ ነበር፤ አሁን አለፈ።

የላይ ሊንኮቹን 1 ሚሊ አስረዝማቸው። ብሎኑ ኤም3 ከሆነ አንድ ሙሉ ዙር 0.5 ሚሊ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ዙር ፍታ። ኤም4 ከሆነ ዙሩ 0.7 ስለሆነ በአንዱ ጫፍ ብቻ አንድ ዙር ተኩል። ግራና ቀኙን እኩል አድርግ፤ አንዱ ከረዘመ ሁለቱ የላይ ሊንኮች አክስሉን ወደ ጎን ይገፉታል። ጫፉ ምን ያህል ክር እንደያዘ ደግሞ እይ፤ ሁለት ሦስት ክር ብቻ ይዞ ዳገት የሚወጣ ሊንክ አንድ ቀን ይነቀላል።

ከዚያ ሾኮቹን ከአንዱ ጫፍ ፍታቸውና አክስሉን በእጅህ ከላይ እስከ ታች፣ ከጥግ እስከ ጥግ አንቀሳቅሰው። አንዱን ጎማ እስከ መጨረሻው ግፋው፣ ሌላውን ልቀቀው። በሁሉም ቦታ ልል መሆን አለበት። የሆነ ቦታ ላይ ከበድ ካለህ የሊንኩ ጫፍ ከመያዣው ጋር ተነካክቷል። ጠጋ ብለህ ስታይ ፕላስቲኩ ላይ የሚያብረቀርቅ የተፋቀ መስመር ታገኛለህ። እዚያች ቦታ ላይ ሹልክ የምትል ቀጭን ዋሸር በኳሱና በመያዣው መካከል ብታስገባ ይበቃል።

ሰብለ_በድንጋይ

ግራውን ጎማ ለእኔ ተወው።

ጠመዛ ከምንጩ የሚቀንሰው በካርዳኑ የሚያልፈው ጉልበት ሲቀንስ ነው። ፖርታል አክስል ያላቸው መኪኖች የሚሻሉት ለዚህ ነው። በ2017 የወጣው የትራክሳስ ቲአርኤክስ-4 ለምሳሌ፣ ጎማው ጋ ሲደርስ ሌላ የማርሽ ቅናሽ አለው። ጎማው የሚፈልገውን ጉልበት ለማግኘት ካርዳኑ ብዙ መጠምዘዝ አያስፈልገውም። አንተ ተራ አክስል ነው ያለህ። ስለዚህ ወይ አክስሉ ውስጥ ያለውን ኮሮናና ፒኞን (ትልቁንና ትንሹን ማርሽ) የበለጠ ቅናሽ ባለው መቀየር፣ ወይ ከሌላ አቅጣጫ መምጣት አለብህ።

ከሌላ አቅጣጫ ስል፦ የኋላህ ሾክ ከፊቱ ይለሰልሳል? የብዙ ሰው እንዲያ ነው። ሞላው በጣም ሲለሰልስ ጠመዛውን የሚቃወም ነገር አይኖርም። ኋላው ላይ ትንሽ ጠንከር ያለ ሞላ ሞክር። ወይም ሾኮቹን ቀጥ አድርገህ አቁማቸው፤ ተጋድመው የተቀመጡ ሾኮች ከቆሙት ይልቅ ይለሰልሳሉ። በቀዳዳ ብቻ የሚፈታ ከሆነ ሞላ መግዛት ምን ያደርጋል።

ኋላው ላይ ቀጭን ስዌይ ባር (አካሉ እንዳያጋድል ግራና ቀኙን የሚያያይዝ ዘንግ) የሚያስገቡም አሉ። ይሠራል። ግን ጎማዎቹ በተለያየ ከፍታ የመርገጥ ነፃነታቸውን ይወስዳል፤ ለክራውለር ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። በጣም ቀጭን ካልሆነ አይመከርም።

አንድ ጎን ብቻ የሞላውን ማጥበቂያ የሚያጠብቁም አየሁ። ደልዳላ ላይ ስታቆመው መኪናው ጠምዞ ይቆማል። ለእኔ ዓይን ያስጠላል፤ ለሚፈልገው ግን ይሠራል።

ጭቃ_ጠል

እኔ ልጠይቅ? የእኔ ፊቱም ባለ 4 ሊንክ ነው፤ ሰርቮው አክስሉ ላይ ነው። ፊቱም ላይ የላይ ሊንኩን ቀዳዳ ላንሳ?

ብሎን_በብሎን

አትቸኩል። ፊቱ በተቃራኒው ነው የሚያስበው።

የፊት አክስል ሻሲውን አይገፋም፤ ይጎትታል። ሊንኮቹ አክስሉ ጋ ዝቅ፣ ሻሲው ጋ ከፍ ስላሉ ጉተታው ወደ ፊትና ወደ ታች ነው። ስለዚህ የቆመ የፊት ሊንክ ዳገት ስትወጣ ፊቱን ወደ መሬት ይጫነዋል። ኋላ ላይ የጠላነው ነገር ፊት ላይ ወዳጅ ነው። የፊት ጎማው እስከያዘ ድረስ ብቻ ግን፤ ፊቱ ከተነሳ ምንም አይጎትትም።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ ሲይዘው ያው የቆመ የፊት ሊንክ ፊቱን ያነሳዋል። አፍንጫው እንዳይደፋ ጥሩ ነው፤ አንዳንዱ ግን ገደል አፋፍ ላይ ፊቱ እንደ ኩርፊያ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይደነግጣል።

ፊት ላይ የላይ ሊንክ ስትነካ የምትከፍለው ሌላ ዋጋ መሪው ነው። የላይ ሊንኩን ስታስረዝም የአክስሉ ራስ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ፒኞኑ ወደ ላይ ቀና ይላል፤ ካርዳኑ ደስ ይለዋል። ካስተሩ (ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል) ግን ይቀንሳል። ካስተር ሲጠፋ መሪው ይንከራተታል፤ ጎማው ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም። ስታሳጥረው ካስተሩ ይመጣል፣ ፒኞኑ ይደፋል። ሁለቱን አብሮ ማግኘት የሚቻለው የጎማ መያዣው ከአክስሉ ቱቦ ላይ ተፈትቶ ዞሮ የሚታሰር ዓይነት ከሆነ ነው።

ሰብለ_በድንጋይ

የገደል_ወጪ ፊት ባለ 3 ሊንክ ስለሆነ ለእሱ ልጨምር። ከ2016ቱ የአክሲያል ኤስሲኤክስ10 ሁለት ጀምሮ ይሄ ዓይነት አሠራር በጣም ተለምዷል። ሰርቮው ሻሲው ላይ ሲቀመጥ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ ፓናርድ ባር ይይዘዋል። የመሪው ዘንግና ፓናርዱ ከፊት ሆነህ ስታያቸው ጎን ለጎን ትይዩ መሆን አለባቸው፤ ርዝመታቸውም ቢቀራረብ ጥሩ ነው። ያለበለዚያ ሾኩ በተጨመቀ ቁጥር መሪው በራሱ ይዞራል። ረጅም ሾክ ስትገጥም ሁለቱም ይቆማሉና አሁኑኑ እየው።

ነጠላው የላይ ሊንክ የት ጎን እንደተቀመጠም ጠመዛውን ይነካል። አክስሉ ለመዞር ሲታገል ያ ሊንክ ይጎተታል ወይም ይገፋል፤ ከመሃል ወጣ ብሎ ስለተቀመጠ አንዱን ጎን ብቻ ይጫናል። በአንዳንድ መኪና ጠመዛውን ይቀንሳል፣ በሌላው ይጨምራል። የአንተ የቱ እንደሆነ ግድግዳው ይነግርሃል።

ገደል_ወጪ

የላይ ሊንኮቹን 1 ሚሊ አስረዘምኩ። ቀጭ ቀጩ የለም።

የኋላ ሾኮቹን ከላይኛው ጫፍ ወደ ውጭ ባለው ቀዳዳ አቆምኳቸው። ግድግዳው ላይ ጠመዛው በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ በዓይን ነው የምለው። ግራው ጎማ አሁንም ይቀላል ግን መሬት አይለቅም።

ፓናርዱና የመሪው ዘንግ ትይዩ አልነበሩም። የፓናርዱን የአክስል ጫፍ በስፔሰር (በማራቂያ ቀለበት) ከፍ አደረግኩት።

አሁን ሌላ ጥያቄ። በጎን ተዳፋት ላይ ስሄድ ኋላው ቀስ እያለ ወደ ቁልቁል ይወርዳል። ፊቱ ቦታውን ይይዛል፣ ኋላው ይሸሻል። ይሄስ ሊንክ ነው?

ብሎን_በብሎን

ከፊሉ አዎ። አካሉ ወደ ቁልቁል ሲያጋድል የቁልቁል በኩል ሾክ ይጨመቃል። በዚያ በኩል የታች ሊንክ ወደ አግድም ይቀርባል፤ ስለዚህ አክስሉን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በዳገት በኩል ያለው ሊንክ ይበልጥ ይቆማል፣ አክስሉን ወደ ፊት ይስበዋል። የኋላ አክስሉ በሙሉ ወደ ቁልቁል ታጥፎ ይሄዳል። ማንም መሪ ሳይነካው።

የታች ሊንኩ ወደ አግድም በቀረበ ቁጥር ይሄ ይቀንሳል። አንተ በ115 ሚሊ ውስጥ 27 ነው የሚወጣው፤ ተዳፋቱ ብዙ ነው። አሁን ረጅሙን ሾክ የምናወራበት ሰዓት ነው። ውስጡ ዘንጉ ላይ 5 ሚሊ ስፔሰር አስገባና ሾኩን አሳጥረው። ቁመቱም ሊወርድ ይችላል፣ የሚንጠለጠልበትም ይቀንሳል፣ ኋላው ብድግ የሚልበት ቦታም ያንሳል። ሆድህ ቢያጣም ጥቂት ሚሊ ብቻ ነው።

ዝም_ብለህ_ንዳ

ከፊሉ ደግሞ ጎማ ነው። አላልኩም?

የኋላ ጎማህ ስፖንጅ ጠንካራ ከሆነ ጎን ላይ ጠርዙ ብቻ ነው የሚረግጠው። ለስላሳ አድርገው። ፊቱን ግን መሃል ጠንከር ተወው፣ 60 በመቶ ክብደት እሱ ላይ ነው።

ሰብለ_በድንጋይ

ለካስ ትስማማላችሁ።

ጭቃ_ጠል

የታች ሊንኩን የታጠፈውን ዓይነት ባስገባስ? ሆዴን ከፍ ሳላደርግ ድንጋይ እንዳይነክሰው።

ብሎን_በብሎን

ለጂኦሜትሪው ምንም ለውጥ የለውም። ሊንክ ታጠፈ አልታጠፈ ግፊቱ የሚሄደው ከጫፍ እስከ ጫፍ ባለው ቀጥታ መስመር ነው። የሚጠቅምህ አክስሉ አጠገብ ድንጋይ የሚነካካበትን ቦታ ከፍ ማድረጉ ነው፤ እሱ እውነተኛ ጥቅም ነው።

ሁለት ነገር ብቻ አስብ። ሁለቱም ጫፍ ኳስ ከሆነ የታጠፈው ሊንክ በራሱ ዘንግ ዞሮ ሆዱን ወደ ታች ያዞራል። መታጠፉ ድንጋይ ይጠብቃል። ስለዚህ አንዱ ጫፍ በራሱ ዘንግ እንዳይዞር የሚይዝ፣ ጎኑ ሰፋ ያለ ዓይነት ይሁን። ሌላው፣ መታጠፊያው ላይ ቀጭን አሉሚኒየም ሲገፋ ይለመጣል። የማይዝግ ብረት ወይም ቲታኒየም ይሻላል። ብረቱ ክብደቱን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሚጨምር ለዚህ ሥራ ጉዳት የለውም።

ጭቃ_ጠል

ዴልሪንስ (ጠንካራው ፕላስቲክ)? ይንሸራተታል ይላሉ።

ሰብለ_በድንጋይ

ይንሸራተታል፣ ያውም ጥሩ አድርጎ። ግን ይለመጣል፤ ኋላው ሲገፋ ትንሽ ይተኛና ትሮትል ስትለቅ ይመለሳል። የኋላ የታች ሊንክ ላይ ብረት፣ ፊት ላይ ዴልሪን አድርጌ ነው የምነዳው። ፊቱ በመጎተት ስለሚሠራ መለመጡ ያን ያህል አይታይም። የላይ ሊንክ ላይ ግን አልጠቀምም፤ ድንጋይ አይነካው፣ መንሸራተቱ ለምን ይጠቅመኛል?

ገደል_ወጪ

ስፔሰሩን ዛሬ ማታ አስገባለሁ። የኋላ ስፖንጁንም እቀይራለሁ፣ ግን በሌላ ቀን፤ ሁለቱን አብሬ ከቀየርኩ የቱ እንደሠራ አላውቅም። አዲሱን ቁመት ስለካ አራቱን ነጥቦች መልሼ እዚህ እጽፋለሁ።